የተቋጠረ ዛብ

በሩን ከፍተው ሲያስገቡኝ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሰው ሳይሆን ሽታ ነበር። ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ጆንያዎቹ ከወጡ ወራት ቢያልፉም ሽታው አብሯቸው አልወጣም፤ ዓይን ያቃጥላል፣ እንባ ያመጣል። ከጥግ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ወጣት አየኝና "አይዞህ ወንድሜ፣ እዚህ ሁላችንም የምናለቅሰው በማዳበሪያው ነው" አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ወጣቱ የባጃጅ ሹፌር ነበር። አንድ እግሩ አብጦ ጫማ አይገባለትም። ለምን እንዳበጠ አልጠየቅሁትም፤ እዚያ ቤት እንዲህ ያለው ነገር እንደማይጠየቅ በመጀመሪያው ሰዓት ገባኝ። አሥራ ስድስት ሰዎች ነበርን። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ የእንጅባራ ዝናብ ሲወርድበት ጎን ለጎን ተቀምጦ እንኳ መደማመጥ የለም። ከመንገዱ በኩል ባለው የቆርቆሮ ግድግዳ ላይ ምስማር የነቀሉበት ቀዳዳ አለ፤ አንድ ዓይን ታስገባለች። ቴሌቪዥናችን እሷ ነበረች።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ወር ያለፈበት፣ ሰው በየሰበቡ የሚለቀምበት ሰሞን ነበር። ለምን እንደታሰርኩ ያወቅሁት በማግስቱ ሲያስጠሩኝ ነው። ያሳሰረኝ ያሥራ አንደኛ ክፍል መልመጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከተማችን ሰው የነበረ፣ አሁን በሕይወት የሌለ አንድ ጡረተኛ የጻፈው ስድስት ገጽ አጭር ልቦለድ አለ። አንድ ባላገር በፈረሱ ከቤት ይወጣል። ሲመሽ ፈረሱ ብቻውን፣ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ይመለሳል። ጎረቤት ለለቅሶ ይሰበሰባል። ሚስቲቱ ግን አታለቅስም፤ የሚያለቅሱትንም ዝም ታሰኛለች። ሲነጋ ፈረሱን ይዛ ባሏ ወደሄደበት መንገድ ትወጣለች። ታሪኩ እዚያ ያልቃል። ከአራት ዓመት በፊት የከተማችን ወጣቶች ይህንን ወስደው ፊልም ሠሩበት። በፊልሙ መጨረሻ ሰውየው በሕይወት ይመጣል፤ ሚስቱ ሮጣ ታቅፈዋለች፤ ዋሽንት ይነፋል።

እኔ ልቦለዱን አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬዋለሁ። ፊልሙ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሁለቱን እያወዳደርኩ። ተምሳሌት፣ ምልሰት፣ ምፀት እያልኩ ሰሌዳ እሞላለሁ። ንግር ስል፣ ኋላ የሚመጣውን ነገር ደራሲው ቀድሞ በትንሽ ምልክት ሹክ ሲል ነው ብዬ አስረዳለሁ። ለመልመጃው ያዘጋጀሁት መልስ በእጅ ጽሑፌ እንዲህ ይላል፤ "የፈረሱ ብቻውን መመለስ ባለቤቱ የሞተበትን፣ መሪ ያጣን ሕዝብ ያመለክታል።" ወረቀቱ መርማሪው ጠረጴዛ ላይ ነበር።

መርማሪው ጨዋ ሰው ነው። "ይቀመጡ መምህር" አለኝ። ሻይ አስመጣልኝ። እሱም ተማሪ ሳለ አማርኛ ደስ ይለው እንደነበር፣ ግን የሚያስረዳው እንዳላገኘ ነገረኝ። "እስቲ ይህንን ተምሳሌት የሚሉትን ያስረዱኝ" ብሎ ማስታወሻውን ከፈተ።

ወይ እኔ። እንደዚያ ቀን ያማረ ክፍለ ጊዜ አስተምሬ አላውቅም። በክፍል ውስጥ ሰባ ተማሪ ያንጎላጅብኛል፤ ይህ ሰው ግን እያንዳንዷን ቃል ይጽፋል። ልቦለዱ ዝም በማለት እንደሚናገር፣ ፊልሙ ግን ዝምታን ስለሚፈራ ሰውየውን እንዳመጣው፣ ባዶው ኮርቻ ምን ማለት እንደሆነ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ አስረዳሁት። አንዴማ ጠመኔ ፈልጌ እጄን ወደ ኪሴ ሰድጃለሁ።

"ደራሲው የት ነው?" አለኝ።

"ሞቷል።"

"ፊልሙን የሠሩት?"

"ተበትነዋል። የት እንዳሉ አላውቅም።" ይህ እውነት ነበር። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ይህንን አልጽፍም ነበር።

"ፈረሱ መቼም እውነተኛ ፈረስ ነው" አለኝ ፈገግ ብሎ።

"እንዴታ" አልኩ እኔ። ፊልሙ ሲቀረጽ አማካሪ ሆኜ አብሬ ነበርኩና ይህንን ማወቄን ማሳየት ፈለግሁ። "በዚህ አገር እንደሱ ያለ ዳማ ፈረስ አይገኝም። ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ናቸው ያዋሱን" አልኩና ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ቤታቸውን ከነመታጠፊያው ነገርኩት። ጻፈው። ከጻፈ በኋላ ከሥሩ አሰመረበት። ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ቀዳልኝ።

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ግን ታውቆኛል። መስመሩን ሲያሰምር አይቻለሁ። "ይቅርታ፣ ሽማግሌውን ተዋቸው፣ ፊልሙ ምን እንደሆነም አያውቁ" ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ሻዬን ጠጣሁ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተከፈተና ሽማግሌው ገቡ።

ለለቅሶ የለበሱት ነጭ ጋቢ በጭቃ ተበላሽቷል። በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸው ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቁ። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ፊታቸውም በራ። "አስተማሪው! አንተም እዚህ ነህ? እንኳን አገኘሁህ ልጄ። የማውቀው ሰው የለም ብዬ ስጨነቅ" አሉና ትከሻዬን ይዘው ሳሙኝ። አጠገቤ ተቀመጡ። ሌላ ቦታ ሞልቶ ነበር፤ እሳቸው ግን የመረጡት የኔን ጎን ነው።

ሳያቸው ትዝ ያለኝ የቀረጻው ቀን ነው። ያን ቀን ለሁላችንም ድንች አስቀቅለው አብልተውናል። ፈረሱን ማንም አይጋልበው ከማለት ሌላ የጠየቁን ነገር አልነበረም። አስቸግረውን የነበረው ፈረሱ ብቻውን የሚገባበት ትዕይንት ሲቀረጽ ነው። እኛ ዛቡ፣ ፈረሰኛው የሚይዘው የልጓም ጠፍር፣ መሬት ለመሬት እየተጎተተ እንዲገባ ፈለግን፤ ያሳዝናል ብለን። ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ካሜራው ፊት ገብተው ዛቡን አነሡና ኮርቻው ራስ ላይ ቋጠሩት። ሦስት ጊዜ ፈታነው። በመጨረሻ ክንዳቸውን ይዤ "አባቴ ተዉት፣ ለፊልም እኮ ነው" ብዬ ከሜዳው ያስወጣኋቸው እኔ ነኝ። ግትር ሽማግሌ ብያቸው ነበር በልቤ።

ሰዎቹ ምን አድርገው እንደገቡ ጠየቋቸው።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ። "ትናንት ለለቅሶ ወደ ጥርባ ስሄድ አስፋልቱ ላይ አስቆሙኝ። ስሜን ጠሩት፤ አቤት አልኩ። ከፈረስህ ውረድ አሉኝ፤ ወረድሁ። መኪና ላይ ጫኑኝ። ሌላ ቦታ አሳደሩኝና ስለ ፈረሱ ጠየቁኝ። ፈረስህ ምን ማለት ነው አሉኝ። ፈረስ አልኳቸው። አይ፣ ሌላ ምን ማለት ነው አሉኝ። ዳማ ፈረስ አልኳቸው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ባጃጅ ነጂው እግሩን ይዞ እየሳቀ "ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ነበር የምንሰማው፤ የርስዎ ግን ያሳስራል" አላቸው። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ።

ባጃጅ ነጂው ፊልሙን በስልኩ አይቶት ኖሯል። "ያ ፈረስ የርስዎ ነው?" አለና ተገረመ። ሽማግሌው ግን ፊልሙን አላዩም፤ ልቦለዱንም አላነበቡም፤ ፊደል አልቆጠሩም። "እስቲ ንገረኝ" አሉኝ ወደኔ ዞረው። "በመጽሐፉ እንዴት ነው? በፊልሙስ እንዴት አደረጋችሁት? በፈረሴ የታሰርሁበትን ነገር ልወቀው።"

ነገርኳቸው። ልቦለዱን በቃሌ ስለማውቀው ፈረሱ ደጅ የሚደርስበት ላይ እንዳለ አልኩት፤ "ዳማው ላብ እንዳጠመቀው፣ ዛቡ ከኮርቻው ራስ ላይ እንደተቋጠረ፣ ደጁ ላይ ቆመ።" ከዚያ ሴትዮዋ አለማልቀሷን፣ ጠዋት መውጣቷን ተርኬ፣ "ሰውየው ሞቷል፤ እሷ ሐዘኗን ውጣ የቀረች የጽናት ተምሳሌት ናት" ብዬ እንደ ልማዴ ደመደምኩ።

"ማን ሞተ አለህ?" አሉ ሽማግሌው።

"ባልየው።"

"መጽሐፉ ሞተ ይላል?"

"በቀጥታ አይልም፤ ግን..."

"ዛቡ ተቋጥሯል ብለኸኝ የለም?"

"እሱ እንኳ ለገለጻ ማሳመሪያ የገባ ነው" አልኩ።

ሽማግሌው የሚያሳዝን ሰው እንደሚያዩ አዩኝ። "ልጄ፣ የሞተ ሰው ዛብ ይቋጥራል?"

እሳቸው ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ ቀጠሉ። "ፈረሰኛ ወድቆ ከቀረ ዛቡ ይንጠለጠላል። ፈረሱ ይረግጠዋል፣ ይበጥሰዋል። ተቋጥሮ ከመጣ ግን ባለቤቱ በእግሩ ቆሞ፣ በእጁ አስሮ፣ በል ግባ ብሎ ሰዶታል ማለት ነው። አለሁ፣ አታልቅሱብኝ ማለት ነው። ይህንን ከዘንገና እስከ አዘና ፈረስ ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። ሴትዮዋ ያላለቀሰችው ስለ ጽናቷ አይደለም። አይታ ነው።"

አሥራ አንድ ዓመት። ስድስት ገጽ። ለተማሪዎቼ ንግር ማለት ትንሽ ምልክት ናት እያልኩ፣ ትንሿን ምልክት ማሳመሪያ ብዬ ዘልያታለሁ። ትልቁን ፈረስ ሕዝብ ነው፣ መሪ ነው እያልኩ ያሸከምኩት እኔ ነኝ። ደራሲው ሰውየውን አልገደለውም፤ እኔ ነኝ የገደልኩት። በዚያ ሞት ላይ ቆሜም ነው ለመርማሪው አንድ ሰዓት ሙሉ የተናገርኩት።

"እንግዲያው ፊልሙ ልክ ነዋ" አለ ባጃጅ ነጂው። "ሰውየው ይመጣል።"

"መምጣቱ ልክ ነው" አሉ። "ዛቡን ግን አስጎተታችሁት። ያንን ያየ ሰው ለቅሶ ተቀምጦ ነው የሚቆየው። ያን ቀን ልነግራችሁ ብል ዞር በል አላችሁኝ።"

ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "አሁን የኔ ጭንቅ ይኸው ዛብ ነው። ትናንት ከፈረሱ ሲያወርዱኝ ልቋጥረው አንድ ዙር አዞርሁ። ሁለተኛውን ሳዞር እጄን ጎተቱኝ። ይጥበቅ አይጥበቅ አላውቅም። መንገድ ላይ ከተፈታ፣ ቤቴ የደረሰው ዛቡን እየጎተተ ነው። እንግዲህ ነገ ሣልስቴን ያወጡልኛል። አምና የመጨረሻ ልጃችንን ቀብረናል። ሚስቴ ሌላ ለቅሶ የምትችልበት ወገብ የላትም።"

ማንም አልቀለደም። እኔ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

"አባቴ" አልኩ። "ስምዎን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።"

የሰሙኝ አልመሰለኝም። ደግሜ አልኩት። ቤትዎንም የነገርኳቸው እኔ ነኝ አልኩ።

እጃቸውን አዩ። ከዚያ "ገረፉህ?" አሉኝ።

እንዲህ የሚያሳፍር ጥያቄ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ጥያቄው የደግነት ነበር፤ ማምለጫ በር ከፍተውልኛል። በዚያ ቤት ያበጠ እግር፣ የተላጠ ጀርባ ሞልቷል። አዎ ብል ማንም አሳየን አይለኝም። አፌ "አዎ" ለማለት ተከፍቶም ነበር።

"አልገረፉኝም" አልኩ። "ሻይ ሰጡኝ።"

ባጃጅ ነጂው ፊቱን አዞረ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ስኳር ነበረው?"

"ነበረው።"

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና ከወዲያኛው ግድግዳ ሥር ሄደው ተቀመጡ። እስከ ማግስቱ ቀትር አላናገሩኝም። ሌላ ሰውም አላናገረኝም።

በማግስቱ ስንቅ ማስገቢያ ሰዓት ሲደርስ ጠባቂው በሩን ከፍቶ አንድ በነጠላ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወረወረ። "የዘንገናው ሽማግሌ" አለ። "አንዲት ሴትዮ ፈረስ እየሳቡ መጥተው ነው። ሂዱ ቢባሉ አልሄድ ብለው አስፋልቱ ላይ ቆመዋል።"

ሽማግሌው ስንቁን አልነኩትም። ባጃጅ ነጂው ባንድ እግሩ እየዘለለ ወደ ቀዳዳዋ ሄደ። "ተወው አንተ" አሉት። ከዚያ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞሩ። "አስተማሪ። አንተ እየው። ያየኸውን ብቻ ንገረኝ።"

ዓይኔን ቀዳዳዋ ላይ አደረግሁ። ጉም ነበር፤ ባጃጅ አለፈ፤ ከዚያ ታየኝ።

"ሴትዮዋ ቆመዋል" አልኩ። "ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አላዘቀዘቁም።"

"ፈረሱስ?"

"ዳማ ነው። ተጭኗል፤ ኮርቻው ላይ ሰው የለም። በገመድ ነው የያዙት።"

"ዛቡስ?"

የቆርቆሮው ጠርዝ ጉንጬን ቆረጠኝ፤ አልተንቀሳቀስኩም። "ኮርቻው ራስ ላይ ተቋጥሯል።"

"ስንት ዙር?"

"አንድ። ጫፉ ተንጠልጥሏል።"

ከኋላዬ ትንፋሽ ሰማሁ። "የኔው ነው" አሉ። "ልጓሙን ከነኮርቻው አውርዳ፣ እንዳለ መልሳ ጭናዋለች። አልፈታችውም። እኔ እስክፈታው አትፈታውም።"

ምን ማለት እንደሆነ አልተናገርኩም። የመጣልኝ ነገር ነበር፤ ብዙ የመጣልኝ ነገር ነበር።

ስንቁ የገብስ ዳቦና ድንች ነበር። ሽማግሌው ለአሥራ ሰባታችን ቆረሱት። የኔ ድርሻ ከሌላው አላነሰም፤ አልበለጠምም።

በሳምንቱ መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። ሻዩ ቀርቦ ነበር፤ አልነካሁትም። "እስቲ ባለፈው ካቆምንበት" አለኝ። "ፈረሱ ምን ማለት ነው?"

"ፈረስ" አልኩ።

"ሌላስ?"

"ዳማ ፈረስ።"

ማስታወሻውን ዘጋ። ያቺ መልስ ስንት ሳምንት እንዳስጨመረችኝ አላውቅም፤ እንደ ጀግንነትም አልቆጥራትም። መልሱ የእሳቸው ነበር። እኔ ኮረጅሁ።

እሳቸው ከኔ ቀድመው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም በየተራ ተሰናበቱ። እኔ ጋ ሲደርሱ "ስትወጣ ናና ለሷ አንተው ንገራት" አሉኝ። "እኔ አልነግራትም።" ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አልሄድኩም። ቤታቸው ከአስፋልቱ ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ሚኒባሱ በዘንገና መታጠፊያ ሲያልፍ በወዲያኛው መስኮት አያለሁ። አንዴ ገበያ ላይ ፈረሱን አየሁት፤ ሰው ተቀምጦበታል። ሰላም ሳልል ቅያስ ገባሁ። ሽማግሌውን ሳይሆን እሷን ነው የምፈራው። ለእሳቸው ሻዩን ነግሬያቸዋለሁ፤ እሷ ግን ዛቡን እስክታየው ድረስ እንዴት እንደዋለች፣ ደጁ ላይ ቆማ ምን እንዳሰበች የምትነግረኝ ይመስለኛል። ያንን ለመስማት እስካሁን ድፍረት አላገኘሁም።

ልቦለዱን አሁንም አስተምራለሁ። ዛቡ ጋ ስደርስ አቆምና ምን እንዳዩ እጠይቃለሁ። ያስፋልት ዳር ልጆች ዝም ይላሉ። ቤታቸው ፈረስ ያለ ግን ወዲያው እጃቸውን ያወጣሉ፤ አንዳንዶቹም ይህ ይጠየቃል ወይ በሚል ፊት ያዩኛል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ "መምህር፣ እርስዎ ይህንን ከማን ተማሩት?" አለችኝ።

"ከፈረሱ ባለቤት" አልኳት።

"ማን ይባላሉ?"

ክፍሉ በሙሉ ጠበቀኝ። አልነገርኳትም። ስማቸውን አንድ ጊዜ ጠርቼዋለሁ፤ ይበቃል።